የጥንት መኪና መሪና ኃይል አስተላላፊ ክፍሎች ሲታደሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምልክት ሳያደርጉ መፍታት። የመሪ ሳጥኑ (የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል) ክንድ ከሳጥኑ ዘንግ ጋር የሚገጥመው በጥርስ ነው። አንድ ጥርስ ከተዛነፈ መሪው ቀጥ ሲል ሳጥኑ መሃሉ ላይ አይሆንም፤ በአንድ በኩልም አጥሮ ይዞራል። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት ሁለቱም ላይ በሹል ብረት ነጥብ ይምቱ። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ክፍል) የሚሄደው ዘንግም እንዲሁ ነው፦ ሁለት ጫፎቹ ላይ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር ካልሆኑ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ፈጠን ዘግየት እያለ መኪናውን ያንቀጠቅጣል። ብዙዎች ይህን የጎማ ባላንስ ችግር ነው ብለው ይደክማሉ።

የላላ መሪን በሳጥኑ ማስተካከያ ብሎን ብቻ ለማጥበቅ መሞከር። ልቅነቱ ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ሳይሆን ከቴስቲኒዎቹ (በመሪ ዘንጎች ጫፍ ካሉት መጋጠሚያዎች) ነው። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ያነቃንቅ፤ እርስዎ ከስር ሆነው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ይያዙ። ያለቀው መጋጠሚያ ጣትዎ ስር ቀጭ ይላል።

ጥፋቱ የሳጥኑ ከሆነ ከክንዱ ጋር የተያያዘውን ማገናኛ ዘንግ ያላቁና መጀመሪያ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን የጠመዝማዛ ዘንግ ኩሽኔታዎች (ዘንጉን ይዘው የሚያሽከረክሩ ቀለበቶች) ልቅነት ያስተካክሉ። ከዚያ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ ዙሩን ይቁጠሩ፤ 4 ከሆነ 2 ዙር ይመልሱ። ብሎኑ የሚነካው እዚህ መሃል ላይ ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ መሃል ላይ ጠበቅ፣ ዳር ላይ ላላ እንዲሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ዳር ላይ የተጠበቀ ሳጥን መሃል ሲደርስ ይነክሳል፤ መሪውም ከኩርባ በኋላ አይመለስም። መሃል ላይ በትክክል ተስተካክሎም ወደ ዳር ሲዞር የሚነክስ ከሆነ መሃሉ ተበልቷልና ብሎኑን ይተዉት፤ የሚያስፈልገው የክፍል ቅያሪ ነው።

ዘይት ለሚፈልግ ሳጥን ወፍራም ግሪስ መሙላት። ጥርሱ ግሪሱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ግሪሱ ደግሞ ተመልሶ አይፈስም፤ ጥርሶቹ በደረቁ ይፋጫሉ። ሳጥኑ የሚያፈስ ከሆነ ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ይቀይሩ፤ ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ግን አዲሱም አይቆይም።

የመሪ ክፍሎችን ማሞቅ፣ መበየድ ወይም ለውበት ክሮም ማስለበጥ። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም። ጠንካራ ብረት በአሲድ ታጥቦ ሲለበጥ ሃይድሮጂን ወደ ውስጡ ይገባል፤ በኋላ ሳይታጠፍ በድንገት ሊሰበር ይችላል። የታጠፈ ክንድ ይጣል። ደህና የሚመስለውም ስንጥቅ በሚያሳየው ቀይ ፈሳሽና ነጭ ዱቄት ይፈተሽ። ሾጣጣ መጋጠሚያዎች ላይ ቀለም አይቀቡ፤ ቀለሙ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ወደፊት ያጥብቁ እንጂ አያላሉ፤ ኮፒሊያውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ለሁሉም አንድ ዘይት መጠቀም። ለዲፈረንሻል የሚስማማው ጂኤል-5 (GL-5 የተባለው የማርሽ ዘይት ደረጃ) ውስጥ ያለው የድኝ ቅመም የአሮጌ ካምቢዮ የነሐስ ቀለበቶችን ሊበላ ይችላል። መመሪያው ሌላ ካላዘዘ ለእንዲህ ያለ ካምቢዮ ጂኤል-4 ይመረጣል።

ካምቢዮውን ሲገጥሙ በፍሪሲዮን ዲስክ ላይ ማንጠልጠል። ክብደቱ ዲስኩን ያጣምመዋል፤ ብሎኖቹ እስኪያዙ በክሪክ ይደገፍ።

የዲፈረንሻል ፒኞን (ትንሹ ባለ ጥርስ ማርሽ) እና ኮሮና (ትልቁ) ጥንድ ሆነው የተፋጩ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር ጩኸት ያመጣል። በፒኞኑ ኩሽኔታዎች መካከል የሚጨመቅ ቱቦ ያለው ከሆነ ቱቦው አዲስ ይሁን፤ ዳዶውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁም ፒኞኑን ለማዞር የሚጠይቀውን ኃይል ይለኩ። ልኩን ካለፈ ማላላት አያድንም፤ የተጨመቀው ቱቦ ተመልሶ ኩሽኔታውን አይደግፍም፤ በሌላ አዲስ ቱቦ እንደገና መጀመር ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በብዙ መኪኖች ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእርስዎን ከፋብሪካው መመሪያ ይዩ። በመጨረሻ የኮሮናውን ጥርሶች ምልክት በሚተው ቀለም ቀብተው ያዙሩ። ምልክቱ ወደ ጥርሱ አናት ከወጣ ፒኞኑ ርቋል፤ ወደ ሥሩ ከወረደ ደግሞ አብዝቶ ገብቷል። ከፒኞኑ ጀርባ ያለውን ሺም (ርቀቱን የሚያስተካክል ቀጭን ቀለበት) እየቀየሩ ምልክቱ መሃል እስኪያርፍ ይድገሙት።