ከድሬዳዋ ሆኖ ቤዝቦል ለሚከታተል፦ የመጋቢትና የሚያዝያ መመሪያ

የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ሲዝን የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት አጋማሹን አለፍ ሲል ነው። እያንዳንዱ ቡድን እስከ መስከረም አጋማሽ 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ሚያዝያ ሲገባደድ ብቻ ከ30 በላይ ተጫውቶ ይገኛል። እንደ እግር ኳስ ቅዳሜን ጠብቆ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ዕለት በዕለት ነው። ድሬ ላይ ሆኖ ሁሉንም በቀጥታ አያለሁ ብሎ የተነሳ ሰው በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፉም የሞባይል ጥቅሉም አልቆ ይቀመጣል። የሚያዋጣው ሰዓቱን ማወቅ፣ ጥቂት ጨዋታ መርጦ በደንብ መከታተል፣ የቀረውን ጠዋት ከሻይ ጋር ማንበብ ነው።

ሰዓቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። በሲዝኑ ወቅት የኒውዮርክ ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚቀረው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ በምሥራቅ ጠረፍ ሰዓት የተጻፈ ጨዋታ ላይ 1 ደምሩ፤ የእነሱን ቀን የእኛ ምሽት፣ የእነሱን ምሽት የእኛ ሌሊት አድርጉት። ኒውዮርክ ከቀኑ 1:05 የሚጀመር ጨዋታ ድሬዳዋ ከምሽቱ 2:05 ነው። ከምሽቱ 7:05 የሚለው ከሌሊቱ 8:05 ይሆናል።

በአካባቢ ሰዓት የተጻፈ ከሆነ ለቺካጎ፣ ለሚልዋኪና ለሂዩስተን 2 ደምሩ፤ ለዴንቨር 3፤ ለሎስ አንጀለስ፣ ለሳን ዲዬጎና ለሲያትል 4። ፊኒክስ እንደ ሌሎቹ ሰዓቱን ስለማይቀይር እሱም ላይ 4 ነው የሚደመረው። አልፎ አልፎ ሲዝኑ ቶኪዮ ላይ ይከፈታል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስና ቺካጎ ከብስ የተጋጠሙት እዚያ ነበር። የቶኪዮ ሰዓት ምንም አይደመርበትም፤ የእነሱ የምሽት 7:10 የእኛ የቀን 7:10 ነው፣ ድሬ በሙቀት በሯን ዘግታ በርጫ ላይ በተቀመጠችበት ሰዓት።

አሜሪካኖች ሰዓት የሚቀይሩት በመጋቢት መጀመሪያ ገደማ፣ ሲዝኑ ከመከፈቱ በፊት ነው። መልሰው የሚያስተካክሉት በጥቅምት ማብቂያ አካባቢ ስለሆነ ስሌቱ መሐል ላይ አይፈርስም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሁለት ጊዜ መቀየር ነው፦ የስልክ መተግበሪያው የስልካችሁን ሰዓት አይቶ ራሱ ቀይሮ ያሳያል፤ እናንተ 1 ከጨመራችሁበት ጨዋታው ያመልጣችኋል። መተግበሪያው ላይ 02:05 ካያችሁ 6 ሰዓት ብቻ አንሱ፣ ከሌሊቱ 8:05 ነው። ሁለተኛው የቀኑ ስም ነው። የማክሰኞ ማታ ጨዋታ ስልክ ላይ ረቡዕ ተብሎ ይወጣል፣ ምክንያቱም የፈረንጅ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። በእኛ አነጋገር ግን ያ ሰዓት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ተኝታችሁ የምትነሱበት ሌሊት። ማንቂያ ስትሞሉ የስልኩን ቀን፣ ለጓደኛ ስትናገሩ የአጥቢያውን አነጋገር ተጠቀሙ፤ ከቀላቀላችሁ አንድ ቀን ሙሉ ትስታላችሁ።

የትኛውን ጨዋታ በቀጥታ

እሑድ ከሁሉም ቀን ይሻላል። አብዛኞቹ ቡድኖች እሑድ በቀን ይጫወታሉ፤ የምሥራቅ ጠረፉ የ1:35 ጨዋታ ለእኛ ከምሽቱ 2:35 ነው። ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) የሚወረውርበት የጊዜ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመጣ ወዲህ ባለ ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የሚመቱበት ዙር) ጨዋታ በአማካይ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ስለሚፈጅ ከሌሊቱ 5:15 ገደማ ያልቃል። ከሥራ ቀናት ረቡዕና ሐሙስን ፈትሹ፤ ቡድኑ ተከታታይ ግጥሚያውን ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ የሚበርበት ቀን ስለሆነ ጨዋታውን ብዙ ጊዜ ወደ ቀን ያመጡታል።

ገና ቡድን ያልመረጠ ሰው ካለ ቺካጎ ከብስን ማሰብ ይችላል። ሜዳቸው ሪግሊ ፊልድ እስከ እ.ኤ.አ. 1988 መብራት አልነበረውም፤ ዛሬም ከሌሎች የበለጠ በቀን ይጫወታሉ። የ1:20 ጨዋታቸው ድሬዳዋ ከምሽቱ 3:20 ይጀምራል፣ ንፋሱ ቀዝቀዝ ሲል። ማለዳ መነሳት የሚቀልለው ደግሞ የምዕራብ ጠረፍ ቡድን ይያዝ፤ የዶጀርስ የምሽት 7:10 ጨዋታ ለእኛ 11:10 ንጋት ነው። የሱብሂ አዛን ሲያበቃ የመጀመሪያው ኳስ ይወረወራል፣ ሥራ ሳይገባ ጨዋታው ያልቃል። አስቸጋሪው መሐሉ ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጀምረው የምሥራቅ ጠረፍ የምሽት ጨዋታ። በምርቃና አንድ ሌሊት ይታለፋል፤ ሃያ ሌሊት ግን አይታለፍም። እነዚህን ለጠዋት ተዉአቸው።

ሌላው መምረጫ ፒቸሩ ነው። ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ የሚጀምሩ አምስት ፒቸሮችን በተራ ያሰልፋሉ። በመክፈቻው ቀን ማን እንደወረወረ ጻፉና እስከ አምስት ቁጠሩ፤ የምትወዱት ፒቸር የሚመለስበት ሌሊት ከሞላ ጎደል ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ የዕረፍት ቀን ስለሚበዛ ቆጠራው በአንድ ቀን ሊገፋ ይችላል፤ ማታውኑ አረጋግጡ።

ዳታና መብራት

ቪዲዮ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢወርድ በሰዓት 900 ሜጋባይት ይበላል፤ አንድ ጨዋታ 2.4 ጊጋባይት ማለት ነው። የሬዲዮ ስርጭቱ በ64 ኪሎቢት ከ29 ሜጋባይት አይበልጥም በሰዓት፤ ሙሉ ጨዋታው 77 ሜጋባይት አካባቢ። ልዩነቱ ሠላሳ እጥፍ ነው። ለዚህ ነው የቤዝቦል ወዳጅ ሬዲዮ የሚለምደው፤ ጨዋታው ራሱ በወሬ የሚያምር ነው፣ በሁለት ኳስ መሐል ተንታኙ የሚናገርበት ጊዜ አለው። እንግሊዝኛው ፈጥኖባችሁ ከሆነ የእያንዳንዱን ኳስ ውጤት በጽሑፍ የሚያሳየውን ገጽ አብራችሁ ክፈቱ። ጽሑፉ ከድምፁ ሊቀድም ይችላል፣ አትደናገጡ።

ከሌሊቱ ጨዋታ በኋላ ጠዋት የሚወጣው አጭር ቅጂ አስር ደቂቃ ያህል ነው፤ 150 ሜጋባይት ይበቃዋል። ውጤቱን ሳታውቁ ልታዩት ከፈለጋችሁ የመተግበሪያውን ማሳወቂያ ማታውኑ አጥፉ።

የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አስቀድማችሁ እዩ፤ በኢትዮ ቴሌኮም *999# ላይ ይገኛል። ጥቅሉ ከማለዳ ጨዋታ መሐል ካለቀ የቀረው ከዋናው ሂሳብ ይቆረጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ሙከራውን የጀመረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ስለሆነ ሁለተኛ ሲም መያዝ ለከተማው ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ማዞር ነው። ፓወር ባንክ ማታ ሙሉ አድርጉ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል።

ዲኤስቲቪ ቤት እናያለን ብላችሁ ግን አትድከሙ፤ ከዚራም ሆነ ሳቢያን ኳስ ማለት እግር ኳስ ነው።

ደብተሩ

በሬዲዮ የሚከታተል ሰው ካልጻፈ ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ ይጠፋበታል። የሚያስፈልገው ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ነው። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ዳኞች ውሳኔ ይገለብጣሉ።

ሁለት ገጽ ትይዩ ክፈቱ፣ ለአንድ ቡድን አንድ ገጽ። ወደ ታች ለዘጠኝ መቺዎች ዘጠኝ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር፤ ሁለተኛው መስመር ተቀይሮ ለሚገባው ነው። ወደ ጎን ለስም ሰፋ ያለ አምድ፣ ከዚያ ለዘጠኝ ኢኒንግ ዘጠኝ አምድ፣ ለትርፍ ኢኒንግ ሁለት ጨምሩ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ትንሽ አልማዝ ሣሉ። መቺው የደረሰበትን ቤዝ (ዞሮ የሚረግጣቸው የሜዳው ማዕዘኖች) ያህል ጎኑን አድምቁ፤ ዞሮ ከገባ አልማዙን ሙሉ በሙሉ አጥቁሩት። ያ አንድ ራን፣ ማለትም አንድ ነጥብ ነው።

ተከላካዮች በቁጥር ይጠራሉ፦ ፒቸር 1፣ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ውርወራውን የሚቀበለው) 2፣ ፈርስት ቤዝ 3፣ ሰከንድ ቤዝ 4፣ ሰርድ ቤዝ 5፣ ሾርትስቶፕ 6፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ የውጭ ተከላካዮች 7፣ 8፣ 9። ጀማሪ የሚሳሳተው 5 እና 6 ላይ ነው፤ ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሐል ቢሆንም ቁጥሩ ከ5 በኋላ ነው። በቁጥር የሚጻፈው በሜዳ ላይ ያለው የቦታ ቁጥር እንጂ ማሊያው ላይ ያለው አይደለም። 6-4-3 ካያችሁ ኳሱ ከሾርትስቶፕ ወደ ሰከንድ፣ ከዚያ ወደ ፈርስት ሄዶ ሁለት ሰው ወጣ ማለት ነው። ለስትራይክ አውት (መቺው በሦስት ስትራይክ፣ ማለትም በሳታቸው ወይም መምታት ሲገባው ባሳለፋቸው ውርወራዎች ሲወጣ) አሜሪካኖች ላቲኑን ኬ ይጽፋሉ፣ መቺው ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ ከተቀጣ ደግሞ ገልብጠው። በእኛ ፊደል “ስ” ብትጽፉና ብትገለብጡት ያው ነው፤ ዋናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጻፍ ነው። በአራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጭ ያለፈ ውርወራ) ወደ ፈርስት ቤዝ ለሄደ “ቦ”፣ በአየር ለተያዘ “ፍ” ከያዘው ቁጥር ጋር፣ ለምሳሌ ፍ8።

ሬዲዮው ላይ “ቦል” ሲባል ኳስ ያልተወረወረ ቢመስላችሁ የጊዜ ገደቡ ነው። ፒቸሩ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሰከንድ፣ ካለ 18 ሰከንድ አለው፤ ካለፈበት ቦል ይቆጠርበታል። መቺው በሰዓቱ ካልተዘጋጀ ደግሞ ስትራይክ ይቆጠርበታል። ከአሥረኛው ኢኒንግ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ሰከንድ ቤዝ ላይ አንድ ሰው አስቀምጦ ይጀምራል። ይህን ሰው በተለየ ምልክት ጻፉት፤ ቢገባ ራኑ ለቡድኑ ይቆጠራል፣ በፒቸሩ ኢ.አር.ኤ. (በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ራን) ላይ ግን አይቆጠርም።

ሚያዝያ ላይ ቁጥር ስታነቡ

50 አት ባት (የመምታት ተራ) ላይ 15 ሂት (መትቶ በሰላም ቤዝ የደረሰበት) ያለው ሰው .300 ይመታል፤ ኮከብ ነው። ከእነዚያ መሐል ሦስቱ በዕድል ከሁለት ተከላካይ መሐል ያመለጡ ቢሆኑና ቢያዙ 12 ሂት፣ .240 ይሆናል፤ ተራ ሰው ነው። ሦስት ኳስ ናት። ፒቸርም እንዲሁ፦ በ22 ኢኒንግ 6 ራን የሰጠ ሰው ኢ.አር.ኤ.ው (9 በራን ተባዝቶ ለኢኒንግ ሲካፈል) 2.45 ነው። አንድ መጥፎ ሌሊት በ2 ኢኒንግ 7 ራን ቢሰጥ 4.88 ይደርሳል። ስሌቱን በራሳችሁ ስትሠሩ 5.1 የሚለው የኢኒንግ ቁጥር አምስት ከአንድ ሦስተኛ መሆኑን አትርሱ፤ አንድ አውት ማለት ነው፣ አንድ አሥረኛ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ወቅት ከመምታት አማካይ ይልቅ የስትራይክ አውት ብዛትን እዩ፤ እሱ ቶሎ ይረጋል።

ለቡድንም ያው ነው። ሲያትል ማሪነርስ እ.ኤ.አ. በ2019 13 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ጀመረና ሲዝኑን በ94 ሽንፈት ጨረሰ። በዚያው ዓመት 19 አሸንፎ 31 የተሸነፈው ዋሽንግተን ናሽናልስ ዋንጫውን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1984 35 ለ5 ጀምሮ እስከ ዋንጫ የዘለቀው ዲትሮይት ታይገርስም አለ፣ ግን እንዲህ ያለው ብርቅ ነው።

ዝናብና በረዶ

ድሬ በሚያዝያ ላብ ታስጠርጋለች፤ ክሊቭላንድ፣ ቦስተንና ቺካጎ ግን ገና ይበርዳቸዋል። በቀዝቃዛ አየር ኳስ ርቆ አይሄድም፤ በነሐሴ አጥር አልፎ ሆም ራን የሚሆነው በሚያዝያ ፍ8 ሆኖ ደብተራችሁ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 በረዶ ክሊቭላንድን ዘግቶ ቀጣይ ግጥሚያቸው ጣሪያው ወደሚዘጋ ሚልዋኪ ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ማንቂያ ከመሙላታችሁ በፊት የከተማውን የአየር ትንበያ አንዴ እዩ።

የተሰረዘ ጨዋታ በኋላ ስለሚካካስ ሠንጠረዡ ላይ የቡድኖች የጨዋታ ብዛት አይመጣጠንም። 11 ለ5 እና 12 ለ6 የሆኑ ሁለት ቡድኖች የርቀት ስሌታቸው ዜሮ ነው (የድል ልዩነትና የሽንፈት ልዩነት ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል)፤ የሚቀድመው ግን በመቶኛ .688 ያለው የመጀመሪያው ነው። ማካካሻው በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሆኖ ከመጣና ለሁለተኛው ቁርጥ ሰዓት ካልተጻፈለት ሰዓት አትፈልጉለት፤ የመጀመሪያው ካለቀ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ይጀምራል።