ኢንዛይሙ አልሞተም፣ ተፈጭቶ ነው

ኢንዛይሜ ሥራ ሲያቆም የደሴ ብርድ ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ።

የምሠራው 1-ፊኒልኢታኖል የሚባለውን አልኮል ሁለት መልኮች መለየት ነው። እንደ ቀኝና ግራ እጅ ናቸው፤ ቢመሳሰሉም አይገጣጠሙም። ሊፔዝ የሚባለው ኢንዛይም ቪኒል አሲቴት የሚባል ኬሚካል ሲያገኝ አር የተባለውን መልክ መርጦ ኤስተር ወደሚባል ሌላ ውህድ ይቀይረዋል። ኤስ የተባለው አልኮል እንደሆነ ይቀራል።

ኢንዛይሙ በፕላስቲክ ፍሬዎች ላይ ስለተያዘ አጥልሎ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። ውድ ነው፤ አንድ ፍሬም አይጣልም። የኔው ግን በሦስተኛው ዙር ለገመ። የቀረው አልኮል በፖላሪሜትር (የብርሃን መዞርን በሚለካው መሣሪያ) ብርሃኑን ወደ ግራ በደንብ ማዞር ነበረበት፤ ንባቡ ዜሮ አካባቢ ቀረ፣ ሁለቱ መልኮች አልተለዩም ማለት ነው።

ሙቀት ጨመርኩ። ከሟሟው ውስጥ ውሃውን አስወገድኩ። ወይ ፍንክች! ላብራቶሪ የሚያግዙን ጋሼ «አብሽር» ይሉኛል፣ እኔ እበሳጫለሁ። አንድ ቀን ብልቃጡን ወደ መስኮት ከፍ ሳደርገው ፈሳሹ እንደ አጥሚት ደፍርሷል። በጓንቴ አሸት ሳደርገው ዱቄት! ለካ የማግኔት ማማሰያው ፍሬዎቹን እንደ ወፍጮ ይፈጫቸዋል። ዱቄቱ በማጥለያ ወረቀቱ ሲያልፍ በየዙሩ ኢንዛይሜን እየደፋሁ ኖሯል።

ማግኔቱን አወጣሁት። አዲስ ፍሬ ጨምሬ ብልቃጡን 40 ዲግሪ በሞቀ፣ በሚወዛወዝ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀመጥኩ። ግማሹ ሲቀየር አቆምኩ፤ ከድብልቁ ግማሹ ነው አር፣ ከዚያ በላይ የሚቀየር የለም። አምስተኛው ዙር ላይ ነኝ፣ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው።

ጃፓኖቹ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የአሚኖ አሲድ መልኮችን በፋብሪካ ሲለዩ ኢንዛይሙን በቱቦ አሽገው ፈሳሹን ነበር የሚያሳልፉት። ማማሰል የለ፣ መፍጨት የለ። ቀድሜ ባስብበት ኖሮ!