የላላ መዶሻ ወይም መጥረቢያ እንዴት ይጠብቃል?

የመዶሻችሁ ወይም የመጥረቢያችሁ ብረት ከእጀታው እየላላ ካስቸገራችሁ ብረቱን አትቀጥቅጡት። እጀታውን ይዛችሁ ብረቱን ወደ ታች አንጠልጥሉት፣ መሬት እንዳይነካ። ከዚያ ከላይ የቀረውን የእጀታውን ጫፍ በሌላ መዶሻ ወይም በጠንካራ እንጨት ደጋግማችሁ ምቱት። ብረቱ ማንም ሳይነካው እጀታው ላይ ወደ ላይ እየወጣ ሲጠብቅ ታያላችሁ፤ በጣም ደስ ይላል!

የኒውተን የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ ነው ሥራውን የሚሠራው። የቆመ ነገር ኃይል ካላስገደደው ባለበት ይቆያል፣ መጠነ ቁሱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ከቦታው ማስነሳቱ ይከብዳል። ስለዚህ ምቱ ቀላሉን እንጨት በቅጽበት ወደ ታች ሲገፋው ከባዱ ብረት አብሮት ለመሄድ ይዘገያል፣ እንጨቱም ቀዳዳው ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ምቱ ፈጣን መሆን አለበት፤ ቀስ ብላችሁ ከገፋችሁት ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ።

ሲጨርስ በብረቱ ቀዳዳ በኩል እጀታው ጫፍ ላይ የተሰካውን ሽብልቅም ምቱት። ብዙ ሰው የላላውን መዶሻ ወይም መጥረቢያ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ግን እንጨቱ ሲደርቅ ተመልሶ ይላላል።

እጀታው ከተሰነጠቀ ይህን አትሞክሩ፣ ቀይሩት። ብረቱ ከታች በኩል ገብቶ ወፍራሙ ጫፍ ላይ የሚቆምበት ዶማ ከሆነም ይቅርባችሁ፤ እሱን ጭራሽ ይፈታዋል።