አይፕታሲያን አትቦጭቁት፦ የሪፍ አኳሪየም ተባዮች ችግርና መፍትሄ

ሥራዬ ዱባይ ውስጥ ከቪላ ቪላ፣ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ ሪፍ የሚባለውን፣ ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ) የሚያድግበትን የባህር ውሃ አኳሪየም መጠገን ነው። ሰው ሲደውልልኝ ገና በስልክ ችግሩን የማውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። «ድንጋዩ ላይ ቆንጆ አበባ በቀለ፣ ከዛ ኮራሎቼ መዘጋት ጀመሩ» ይሉኛል። አበባ አይደለም፣ አይፕታሲያ ነው፤ ኮራልን በክሮቹ የሚነድፍ ተባይ የባህር እንስሳ።

ከመጀመሬ በፊት፦ ጨዋማነት 1.025፣ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ፣ አልካሊኒቲ (ውሃው ፒኤቹን የመጠበቅ አቅሙ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ፒፒኤም፣ ውሃው ደግሞ አርኦዲአይ (በማጣሪያ ሙሉ በሙሉ የተጣራ ውሃ) መሆኑን አረጋግጣችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው። ይሄን ሳትለኩ ተባይ ፍለጋ ከገባችሁ ሂዱና ለክታችሁ ተመለሱ። ሪፍራክቶሜትራችሁንም፣ ማለትም የጨዋማነት መለኪያችሁን፣ በባለ 35 ፒፒቲ ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት። በቧንቧ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክሎ «ልክ ነው» የሚለኝ ሰው ሰልችቶኛል።

ችግር፦ ቡናማ «አበባ» በቀለ፣ አጠገቡ ያለው ኮራል ተሸበሸበ

ምልክቱ ይሄ ነው። ከድንጋይ ስንጥቅ ብቅ ያለ፣ ቡናማ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀጭን ግንድ ያለው፣ ጫፉ ላይ ረጃጅም ሹል ክሮች የበተነ ነገር። ሲጀምር ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አጠገቡ ያለውን ኮራል በደንብ እዩት። በእሱ በኩል ያለው ጎን ተሸብሽቦ ሌላው ጎን ደህና ከሆነ አለቀ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የውሃ ችግር ኮራልን በአንድ ጎኑ ብቻ መርጦ አይመታም።

ከተጠራጠራችሁ በቀጭን እንጨት ነካ አድርጉት። አይፕታሲያ ከሆነ ገና ሲነካ እልም ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ላባ የሚመስል ሆኖ ከቱቦ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ግን የላባ ትል ነው፤ ማንንም አይነካም፣ ተዉት። ክሮቹ አጠር ብለው ጫፋቸው ድቡልቡል ከሆነ ማጃኖ ይባላል፤ እሱም ተባይ ነው፣ ከታች የምነግራችሁ መርፌ ለእሱም ይሠራል።

ምክንያቱ አንድ ነው፦ ከገዛችሁት ነገር ጋር ገባ። ከጨው አይመጣም፣ ከውሃ አይፈጠርም። ኮራሉ የሚለጠፍበት ትንሽ የሴራሚክ መቀመጫ አለ አይደል? ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። እዚያ ጥላ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቡናማ ነጥብ ከተለጠፈች እሷ ናት። ሻጮቹ ያውቋታል። ገንዳቸው በአይፕታሲያ ተሞልቶ ኮራሉን እጥብ አድርገው በፕላስቲክ ከረጢት ይሰጧችኋል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ምርቃት ተብሎ የሚሰጠው ድንጋይ ነው። የባህር ድንጋይ ውድ ነው፤ በነጻ ሲሰጧችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ እንጂ።

አሁን ዋናው ነገር። አይፕታሲያ ከቦታ ቦታ ሲንሸራተት ከእግሩ ትንንሽ የሥጋ ቁራጭ ጥሎ ያልፋል፣ እያንዳንዷ ቁራጭ አፍና ክር አውጥታ ሙሉ አይፕታሲያ ትሆናለች። ስለዚህ በጥፍር ስትቦጭቁት፣ በቢላ ስትፍቁት፣ በጥርስ ብሩሽ ስትፈገፍጉት ዘር እየበተናችሁ ነው። ፓምፑ እየሠራ ካደረጋችሁት ደግሞ ዘሩን ለገንዳው ሁሉ አደላችሁት።

አንድ ቢሮ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለ ትልቅ ገንዳ ነበር። በጣት የሚቆጠሩ አይፕታሲያዎች ነበሩበት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ። ሥራ አስኪያጁ ለሠራተኛ መክፈል አልፈለገም መሰለኝ፣ ሸሚዙን ሰብስቦ፣ ፓምፑን ሳያጠፋ፣ በባንክ ካርድ ፋቃቸው። በሳምንታት ውስጥ ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ለበሰ። ሐመር (hammer) የሚባል የሚያምር ኮራል ነበረው፣ ነጭ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ሲያየኝ «ከድንጋዩ ነቅዬው ነበር እኮ» አለኝ።

ሌላ ሰው መብራት አጥፍቶ ሊያስርበው ሞከረ። አይፕታሲያ እንደ ኮራሉ ሁሉ ውስጡ ብርሃን የሚመገቡ ጥቃቅን አልጌዎች አሉት፣ ግን ብርሃን ቢያጣ ነጣ ብሎ የዓሳውን ምግብ እየለቀመ ይኖራል። የሞተው ኮራሉ ነው። ይሄው ነጭ አይፕታሲያ ነው እንግዲህ የሚያታልለው፣ ምክንያቱም በጨለማ ቦታ ስለሚደበቅ ማንም አያየውም። አንድ ቪላ ውስጥ ገንዳውን ስናጸዳው ንጹሕ ይሆናል፣ ወር ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ የኦቨርፍሎውን፣ ማለትም ውሃው ከገንዳው ሞልቶ የሚወርድበትን፣ ጥቁር ሳጥን ክዳን ከፍቼ የግንባር ባትሪ አበራሁበት። ውሃው በሚወርድባቸው ጥርሶች መካከል፣ በእያንዳንዱ ክፍተት፣ መስታወት የመሰሉ ነጫጭ አይፕታሲያዎች ክራቸውን ወደ ውሃው ዘርግተው ተደርድረዋል። የሚወርደው ምግብ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእነሱ ነበር። ሳምፑ (ከገንዳው ሥር ያለው የማጣሪያ ገንዳ) ውስጥ፣ የስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) እግር ሥርም ነበሩ። ከዛ በኋላ የማንንም ገንዳ ከላይ ሳይሆን ከሳምፑ ነው የምጀምረው።

መፍትሄው እንደ ብዛቱ ይለያያል።

ከ20 በታች ከሆኑ፦ መርፌ። ለዚሁ የተሠራውን አይፕታሲያ-ኤክስ መግዛት ትችላላችሁ። ካልሆነ ካልክቫሰር፣ ማለትም ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በትንሽ አርኦዲአይ ውሃ እንደ እርጎ ወፈር እስኪል በጥብጡት። የግንባታ ኖራ እንዳትሉኝ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። መነጽር አድርጉ፣ ጓንት አድርጉ። ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ደግሜ እላለሁ፣ መነጽር።

ፓምፖቹን በሙሉ አጥፉ። ገንዳው ውስጥ ውሃ የሚያዘዋውረውን ብቻ አይደለም፣ የሳምፑንም። ከዛ ትንሽ የቀለጠ የበረዶ ሽሪምፕ ምግብ በሩቁ ልቀቁለት፣ ክሩን ዘርግቶ አፉን እንዲከፍት። የመርፌውን ጫፍ ሳትነኩት ከአፉ በላይ አድርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምቁ። ይውጠዋል። እልም ካለባችሁ አትከተሉት፣ ጉድጓዱ ውስጥ መርፌ አትወትፉ፣ ሌላኛው ላይ ሂዱና ነገ ተመለሱ። ከጨረሳችሁ 15 ደቂቃ ያህል ቆዩና የተረፈውን ነጭ ነገር በቀጭን ቱቦ ስባችሁ አውጡት፣ ከዛ ፓምፑን ክፈቱ። ፓምፑን መክፈት እንዳትረሱ፤ ዓሳ ታፍኖ ሲሞት አይቻለሁ። በአንድ ቀን ብዙ አትውጉ፣ በተለይ ገንዳው ትንሽ ከሆነ፣ ፒኤቹ ሽቅብ ይወጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያንኑ ቦታ እዩት። የዳነ ወይም አዲስ የበቀለ አይጠፋም፣ ድገሙት።

ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ የበለጠ ቀላል ነው፤ አውጥታችሁ የበቀለበትን የድንጋይ ቁራጭ ሰብራችሁ ጣሉት። በሱፐር ግሉ ጉድጓዱን የሚደፍኑም አሉ። እሱ በጎን ሌላ ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል።

ገንዳው ከተወረረ መርፌ ጊዜ ማባከን ነው። የሚበላው እንስሳ ያስፈልጋል። የእኔ ምርጫ በርጊያ ነው፣ ከአይፕታሲያ በስተቀር ምንም የማይበላ ትንሽ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ። ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ብዙውን በአንድ ላይ፣ አይፕታሲያው ሥር አስቀምጡት። ወራት ይፈጃል። በሳምንቱ «አልሠራም» ብላችሁ አትደውሉልኝ። አይፕታሲያው ሲያልቅ እሱም ተርቦ ይሞታል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ላለበት ሰው ስጡት።

ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ርካሽ ነው፣ ትንንሾቹን አይፕታሲያዎች ይበላል፣ ዓሳውን አብዝታችሁ ከመገባችሁ ግን ጠግቦ ዝም ይላል። ከበርጊያ ጋር አታስገቡት፣ በርጊያውን ይበላዋል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ በእሱ ስም የግመል ሽሪምፕ ይሸጣሉ። ፔፐርሚንት ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ላይ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች አሉት። የግመሉ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ቀዩ መሀል ነጫጭ ነጥብና መስመር ያለበት ነው። እሱ የሚበላው አይፕታሲያ ሳይሆን ኮራላችሁን ነው። ኮፐርባንድ የሚባለው አፈ ረጅም ዓሳም ይበላል፣ ግን በትንሽ ገንዳ አይኖርም፣ የሱቅ ምግብ አልበላም ብሎ የሚሞተውም ብዙ ነው። ፋይልፊሽ የሚባለው ዓሳም ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ግን አይፕታሲያውን ጨርሶ ወደ ኮራሉ ይዞራል።

«ድንጋዩን አውጥቼ ብቀቅለውስ?»

በጭራሽ! ይሄን ጥያቄ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ስለዚህ ለብቻው ልጻፈው። ድንጋያችሁ ላይ ዞአንቲድ ወይም ፓሊቶዋ የሚባሉት አበባ መሳይ የኮራል ዘመዶች ካሉ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። መፍላት አያጠፋውም፣ እንፋሎቱ ይዞት ወደ ሳንባችሁ ይገባል። በ2018 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሺር ውስጥ አንድ ቤተሰብ ገንዳ ሲጸዳ በዚሁ መርዝ ሆስፒታል ገብቷል። መቀቀል የለም፣ የፈላ ውሃ መድፋት የለም፣ ደርቆ የሞተ የሚመስለውንም ደረቁን በብሩሽ መፈግፈግ የለም። ስትቆርጡትም ጓንትና መነጽር፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ጭራሹን አትንኩት።

እዚህ ገልፍ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ይሄ ለእናንተም ነው። ማዳም «ድንጋዩን አውጪና እጠቢው» ካለች ጓንትና መነጽር ጠይቂ። ሙቅ ውሃና ክሎሮክስ አትጠቀሚ።

ችግር፦ ሁሉም ኮራል በአንድ ቀን ተዘጋ፣ ሽሪምፖቹ ሞቱ

ይሄ ተባይ አይደለም። ሽሪምፕና ሸርጣን ሞተው ዓሳው ደህና ከሆነ በረሮ ማጥፊያ የሚረጭ ነገር ጠርጥሩ፤ ነፍሳትን የሚገድለው ሽሪምፕንም ይገድላል። መስታወት ማጽጃና የሽቶ መርጫም ከገንዳ አጠገብ አይነፋም፣ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ነው። መፍትሄው አዲስ አክቲቭ ካርቦን (መርዝ የሚመጥ የማጣሪያ ከሰል) ማስገባትና ውሃውን በብዛት መለወጥ ነው። በነገራችን ላይ በየቤቱ የምሰማው «የቤት ሠራተኛዋ ናት ያበላሸችው» ነው። ምን መርጨት እንደሌለባት የነገራት ሰው አለ ወይ ስል ዝምታ ነው መልሱ።

ሌላው የገልፍ የሙቀት ወራት ችግር ነው። ባለቤቶቹ ሐምሌ ላይ ለእረፍት ሲሄዱ ኤሲ ያጠፋሉ። ቺለሩ (የገንዳው ውሃ ማቀዝቀዣ) ደግሞ በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖ የራሱን ሙቀት መልሶ ይስባል። ውሃው 31፣ 32 ይገባና ኮራሉ ይነጣል። የቁምሳጥኑን በር ክፈቱ፣ የቺለሩን አቧራ በብሩሽ አውጡ፣ ኤሲውን ቢያንስ 26 ላይ ተዉት።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

ቀይ ዝልግልግ ምንጣፍ፦ ሳያኖባክቴሪያ ነው። በቱቦ ስባችሁ አውጡት፣ የውሃ ፍሰቱን ጨምሩ፣ ምግብ ቀንሱ። ለዚሁ የሚሸጠውን መድኃኒት ውሃው ላይ ከጨመራችሁ በኋላ አየር አብዝታችሁ ንፉበት።

ቡናማ ንፍጥ መሳይ ክር፣ ጫፉ ላይ አረፋ፣ ማታ የሚቀንስ፦ ዲኖ (ዲኖፍላጀሌት የሚባል በዓይን የማይታይ ፍጡር) ነው። ይሄን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከልክ ያለፈ ጽዳት ነው። ናይትሬትና ፎስፌት (ከዓሳው ምግብና ቆሻሻ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች) ዜሮ አድርጎ በኩራት የሚያሳየኝ ሰው አለ። ዜሮ አትፈልጉም። ናይትሬቱን ወደ 5፣ ፎስፌቱን ወደ 0.05 ፒፒኤም ከፍ አድርጉ፣ ለጊዜው ውሃ መለወጥ አቁሙ። እንደ ዓይነቱ ዩቪ መብራትም ይረዳል።

ዝገት የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎች፦ ከትል ማጥፊያ መድኃኒቱ በፊት የቻላችሁትን ያህል በቱቦ ስባችሁ አውጡ። ብዙው በአንዴ ሲሞት የሚለቀው መርዝ ዓሳ ይገድላል። ካርቦኑን አዘጋጅታችሁ ጀምሩ።

አረንጓዴ ኳስ፦ ቫሎኒያ የሚባል አልጌ። ሳታፈነዱ ነቅላችሁ አውጡ፣ ኤመራልድ ሸርጣን ያግዛል። ላባ መሳዩ አረንጓዴ አልጌ፣ ብራዮፕሲስ፣ ከሆነ ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት።

አክሮፖራ በሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ላይ ክብ ክብ ፈዛዛ የንክሻ ምልክት፦ አክሮፖራ የሚበላ ጠፍጣፋ ትል ነው። ኮራሉን ለኮራል በተሠራ ማጠቢያ ፈሳሽ ስታጥቡት ትሉ ይረግፋል፣ እንቁላሉ ግን አይሞትም። ከሥሩ ያለውን ቡናማ እንቁላል በቢላ ፍቁ፣ በየሳምንቱ እጠቡ። አዲስ ኮራል ሁሉ ቢያንስ ለአንድ ወር በሌላ ገንዳ ለብቻው ይቆይ፤ ይሄን የሚያደርግ ደንበኛ ብርቅ ነው።

ፀጉራም ትል፦ ቆሻሻ የሚበላ ጠቃሚ ነው፣ ብቻ በባዶ እጅ አትንኩት።

ሌሊት ከድንጋዩ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ደግሞ እየጠፋ ከሆነ፦ ማንቲስ ሽሪምፕ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን አውጡና ጉድጓዱ ውስጥ ከገንዳው የበለጠ ጨዋማ ውሃ ርጩበት፣ ይወጣል። ጣት አታስገቡ።