አፉን የሚከፍት፣ ጆሮውን የሚነቀንቅ የአንበሳ ራስ ቁር አሠራር

በሞተር የሚንቀሳቀስ ራስ ቁር ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪኩ አይደለም። መንጋጋው ከብዷል፣ ማጠፊያው ይይዛል፣ ወይም ዘንጉ ጎብጧል፤ የሚወቀሰው ግን ሞተሩ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ ያዙ፦ በአንዲት ጣት ገፋ ሲደረግ ያለ ችግር የማይከፈትና የማይዘጋ መንጋጋ ላይ ሞተር አይታሰርም።

እዚህ የቀረበው ለኪነት ቡድን፣ ለትምህርት ቤት ቴአትር፣ ወይም ጥር 23 እንጅባራ ላይ እንደሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላለ የአደባባይ ትርኢት የሚሆን የአንበሳ ራስ ነው። ሐሳቡ ከጎፈር የመጣ ነው። የአንበሳው የላይኛው መንጋጋ ከግንባር በላይ እንደ ቆብ ጥላ ይወጣል፤ የታችኛው ከጆሮ ግንድ ተነስቶ አገጭን ይዞራል፤ የለባሹ ፊት በአፉ መካከል ይታያል። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጭንብልም ይሠራል፣ ግን ጎጃም ውስጥ ጎፈር ጭኖ ዝም ብሎ የሚቆም የለም። ቀረርቶው ይመጣል፣ ፉከራው ይከተላል፣ በስፖንጅ የታፈነ ፉከራ ደግሞ ሳቅ ነው። ፊት ክፍት ሲሆን ትንፋሽ አያጥርም፣ እግር የሚረግጠውም ይታያል።

ፈረስ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን አይሆንም። ከጆሮው ጀርባ የሚንጫጫ ሞተር ፈረሱን ሊያስደነብረው ይችላል። የተበሳሳ ቆብም ከውድቀት አያድንም። እግረኛው ይልበሰው።

የሚያስፈልገው

መሠረቱ ከኋላ በሚዞር ማጥበቂያ የሚስተካከል የኮንስትራክሽን ቆብ ነው፤ ክብደቱ 350 ግራም አካባቢ ነው። የሞተር ሳይክል ሄልሜት አትጠቀሙ፤ ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለሌላው ዕቃ ቦታ አይተውም። ለፊቱ ቅርጽ 10 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ውሃ የማይመጥ ጠጣር ስፖንጅ፣ ለስፖርት መሥሪያ የሚነጠፈው ዓይነት፣ 50 በ50 ሳ.ሜ ይበቃል። ለጆሮ 5 ሚ.ሜው ይሻላል። ለመንጋጋው ሁለት የቀርከሃ ፍላጭ፣ እያንዳንዱ 55 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 2 ሳ.ሜ ስፋትና 3 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው። እንጅባራና አካባቢው ቀርከሃ ሠሪ ስለማይጠፋ አስጠርቦ መግዛት ይቀላል።

ከብረታ ብረት፦ 2 ሚ.ሜ ውፍረትና 3 ሳ.ሜ ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ልሙጥ፣ 4 ሚ.ሜ ቡሎኖች፣ በውስጣቸው ላስቲክ ያላቸው ዳዶዎች፣ ሮንዴላዎችና ሁለት የብስክሌት ራጂ።

ከኤሌክትሮኒክሱ፦ አንድ ኤም ጂ 996 አር ሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ማዕዘን ላይ ዞሮ የሚቆም ሞተር) ለመንጋጋው፣ ሁለት ኤስ ጂ 90 ሰርቮ ለጆሮዎቹ፣ አንድ አርዱዊኖ ናኖ (ፕሮግራም ተጭኖበት ሞተሮቹን የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ)፣ እስከ 5 አምፔር የሚችል ቮልቴጅ መቀነሻ፣ ሁለት 18650 ሊቲየም ባትሪ ከነመከላከያ ሰሌዳው፣ የ1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ የ5 አምፔር ፊውዝ፣ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ የሚጫን ቁልፍ። ማጣበቂያው ማስቲሽ ነው። ጎፈሩ ከ300 ግራም የማይበልጥ ቃጫ ነው።

ሁሉም ሲደመር 1.2 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። 1.5 ኪሎ ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የለባሹ አንገት ይናገራል።

መንጋጋው

ፍላጮቹን አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ከዚያ በከሰል ፍም ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁና 20 ሳ.ሜ ስፋት ባለው ድስት ወይም ጣውላ ዙሪያ ደራርባችሁ ጠምዝዙ፣ በሲባጎም እሰሩ። ቢያንስ ሁለት ቀን ይድረቁ። ቸኩሎ የፈታ ሰው ቀርከሃው ተመልሶ ሲከፈት ያያል። ሲደርቁ ሁለቱን በኮላ አጣብቃችሁ አንድ አድርጉ። አንድ ፍላጭ ብቻውን ይጣመማል፤ ሞተሩ የሚጎትተው በአንድ ጎን ስለሆነ ሌላው ጎን ወደ ኋላ ይቀርና አንበሳው አፉ የጠመመ ይመስላል።

የኮንስትራክሽን ቆብ ከጆሮ በላይ ያበቃል፣ የመንጋጋው ማጠፊያ ደግሞ ጆሮ አጠገብ መሆን አለበት። ስለዚህ ከአሉሚኒየሙ 9 ሳ.ሜ የሆኑ ሁለት ቁራጮች አውጡና በቆቡ ግራና ቀኝ በሁለት ሁለት ቡሎን ወደ ታች አንጠልጥሏቸው። ከታችኛው ጫፋቸው 1 ሳ.ሜ ከፍ ብላችሁ ለማጠፊያው ብሱ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ ካልዋሉ መንጋጋው መሃል ላይ ሲደርስ ይይዛል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ያልጎበጠ ራጂ ከግራው ቀዳዳ ወደ ቀኙ አሳልፉ። ሳይታጠፍ ካለፈ ልክ ነው። በአንዱ ጠርዝ ከነካ ልሙጡን በፒንሳ እያረማችሁ አስተካክሉ፤ ቀዳዳውን በማስፋት አትሸውዱት፤ የሰፋ ቀዳዳ ይንኳኳል።

ቡሎኑን ስታስገቡ በቀርከሃውና በአሉሚኒየሙ መካከል አንድ ሮንዴላ፣ ከውጭም አንድ ይግባ። ላስቲክ ያለው ዳዶ እስኪነካ ድረስ ይጠብቅና ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመለስ። ተራ ዳዶ በአንድ እስክስታ ይፈታል።

ከማጠፊያው እስከ መንጋጋው ጫፍ 17 ሳ.ሜ ይሁን፤ ከለባሹ አገጭ ቢያንስ 2 ሳ.ሜ ይራቅ። ለመክፈቻ 25 ዲግሪ ይበቃል፤ በጫፉ ላይ 7 ሳ.ሜ ያህል እንቅስቃሴ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከወረደ ጉሮሮ ይነካል። የግራውን ክንድ ከማጠፊያው በስተኋላ 4 ሳ.ሜ ትርፍ አስቀሩለት፤ ሞተሩ የሚይዘው ይህን ጭራ ነው። ጭራው ወደ ላይ ሲሳብ አፉ ወደ ታች ይከፈታል።

አሁን ሒሳቡ። ጥርስና ስፖንጅ የተለበጠበት መንጋጋ 120 ግራም ይመዝናል እንበል። ሁለቱን ክንዶች በአግድም እርሳስ ላይ አስቀምጣችሁ የሚመዛዘንበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከማጠፊያው 11 ሳ.ሜ አካባቢ ይሆናል። 120 በ11 ሲባዛ 1.3 ኪሎ ግራም ሳንቲ ሜትር ነው፤ መንጋጋውን ለመያዝ የሚያስፈልገው የማዞር ጉልበት ይህ ነው። ኤስ ጂ 90 በወረቀት ላይ 1.8 ይችላል ስለሚባል ብዙዎች እሱን ያስራሉ። ሆኖም መነሻው ላይ የሚጨመረውን ጉልበትና ፍትጊያውን አይችልም፤ በውስጡ ያለው የፕላስቲክ ማርሽ ጥርስም በመጀመሪያው ግጭት ይረግፋል። ኤም ጂ 996 አር በ4.8 ቮልት 9.4 ይባልለታል፣ ጥርሱም ብረት ነው። ከገበያ የሚገኘው ቅጅ ግማሹን እንኳ ቢሰጥ ይበቃል።

ከፊት በኩል፣ በእያንዳንዱ ክንድና በቆቡ መካከል የልብስ ላስቲክ ወጥሩ። ላስቲኩ መንጋጋውን ያለ ሞተር ቀስ ብሎ እንዲዘጋው አድርጋችሁ አስተካክሉ። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ለመክፈት ብቻ ይሠራል፣ ተዘግቶ በቆመበት ሰዓት አይጮኽም፣ ባትሪም አይበላም።

ሞተሩና ዘንጉ

ሞተሩን በ5 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ ላይ አስራችሁ ከግራው ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ጠጋ አድርጋችሁ ቆቡ ላይ በቡሎን ያዙት። በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ሞተር ይነቀላል። የሞተሩ ክንድና የመንጋጋው ጭራ በአንድ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ያህል እኩል ይዋሉ፤ አንዱ ወደ ውጭ ከወጣ ዘንጉ በሚስብ ቁጥር ይጠመዘዛል።

ዘንጉ ራጂው ነው። ራጂ ሲጎተት ብርቱ ነው፣ ሲገፋ ይጎብጣል፤ ከባዱን ሥራ በመጎተት ያደረግነው ለዚሁ ነው። አንዱን ጫፍ አጥፋችሁ ጭራው ላይ አስገቡ። ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ክንድ ላይ ቪቴ ባለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ማገናኛ ያዙት። ይህ ማገናኛ ርዝመቱን ለማስተካከል ይረዳል፤ ደግሞም መንጋጋው ከአገጭ ወይም ከሰው ክንድ ጋር ቢጋጭ ራጂው ይንሸራተትና ሞተሩም ሰውየውም ይተርፋሉ። ስለዚህ ቪቴውን ከልክ በላይ አታጥብቁት። የሞተሩ ክንድ 2 ሳ.ሜ ላይ ይያዝ፤ ጭራው 4 ሳ.ሜ ስለሆነ ሞተሩ 50 ዲግሪ ሲዞር መንጋጋው 25 ይሄዳል፣ ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል።

የሞተሩን ክንድ ከማሰራችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሰጥታችሁ ሞተሩን መሃሉ ላይ፣ 1500 ማይክሮ ሰከንድ ላይ (ሰርቮ የሚታዘዘው በምልክቱ ርዝመት ነው) አቁሙት። ይህን ያልፈጸመ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ሞተሩ ባሻው አቅጣጫ ይወረወራል፤ ቀርከሃው ይሰበራል ወይም የሞተሩ ጥርስ ይላጫል።

ጆሮ

ሰው የሚያስታውሰው አፉን ሳይሆን ጆሮውን ነው። 8 ሳ.ሜ ቁመት ያለው የስፖንጅ ጆሮ 10 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ትንሹ ሰርቮ እንደ ልቡ ያዞረዋል። 40 ዲግሪ ይበቃል። ሁለቱ እኩል ከተንቀሳቀሱ አሻንጉሊት ይመስላሉ፤ አንዱ ከሦስት እስከ ስምንት ሰከንድ ባለ የተዘበራረቀ ጊዜ ብልጭ ይበል፣ ሌላው በራሱ ሰዓት ይከተል።

የጆሮ ጠላት ቃጫ ነው። አንዲት ክር በሞተሩ አንገት ላይ ትጠመጠምና ቀስ በቀስ ታንቀዋለች። ከሃይላንድ ጠርሙስ 3 ሳ.ሜ ከፍታ ያለው ቀለበት ቆርጣችሁ በጆሮው ሥር ዙሪያ አቁሙ፤ ጎፈሩ ከቀለበቱ ውጭ ይቅር።

ኤሌክትሪኩ

ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 7.4 ቮልት ይሰጣሉ፣ ሲሞሉ 8.4። በመቀነሻው 5 ቮልት አድርጉት፤ ሞተሮቹንና አርዱዊኖውን ከማገናኘታችሁ በፊት በመለኪያ አረጋግጡ። መቀነሻው ከገበያ ሲመጣ በምን ላይ እንደተዘጋጀ አይታወቅም፣ በ5 ቮልት መግቢያው በኩል በቀጥታ 8 ቮልት የጠጣ አርዱዊኖ አይመለስም። ሦስት አምፔር የሚባለው ትንሹ መቀነሻ አይበቃም፤ ትልቁ ሞተር ሲታገድ ብቻውን 2.5 አምፔር ይስባል፣ ጆሮዎቹም አሉ።

ሞተሮቹ ኤሌክትሪካቸውን ከመቀነሻው በቀጥታ ይውሰዱ፤ በአርዱዊኖው በኩል አይለፍ። ከአርዱዊኖው የሚመጣው የትእዛዝ ሽቦ ብቻ ነው። የሁሉም ኔጌቲቭ ግን በአንድ ላይ ይታሰር፤ ይህ ከተረሳ ሞተሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰውም ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል። ካፓሲተሩን ሞተሮቹ አጠገብ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምሰሶውን ሳታዛውሩ በየዱት።

ባትሪውን ራስ ላይ አትጫኑት። ከጋቢው ሥር በወገብ ኪስ ይቀመጥ፤ 1 ሚ.ሜ ካሬ ሽቦ በጀርባ ይውጣ፣ ፊውዙም ባትሪው ጥግ ይሁን። አንገት አካባቢ ሲጎተት በቀላሉ የሚነቀል ሶኬት አድርጉበት። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ከሆነ ለኩት፤ ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን አትሞክሩት። ሁለቱ ተመሳሳይ ይሁኑ።

መንጋጋውን በድምፅ መቀበያ ለማስነሳት የሚሞክር አይጠፋም። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ሞተሩ ራሱ ያስነሳዋል፤ አንበሳው ያለ ማቋረጥ ያኝካል። በቀኝ እጅ የሚያዝ ቁልፍ ይበልጣል፤ ጦር ወይም ዱላ የያዘ ሰው በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ፕሮግራሙ ዝጉን 1200፣ ክፍቱን 1700 ማይክሮ ሰከንድ ይበለውና በእናንተ ቆብ ላይ ይስተካከል። ሲከፈት በየ20 ሚሊ ሰከንዱ 20 ይጨምር፣ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሲዘጋ 50 ይቀንስ። ቀስ ብሎ ተከፍቶ ቶሎ የሚገጥም አፍ ያስፈራል። ተገላቢጦሹ ማዛጋት ነው። ከተዘጋ በኋላ ፕሮግራሙ ለሞተሩ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጥ፣ ላስቲኩ ይይዘዋል። ፕሮግራም የሚጽፍ ካልተገኘ ሰርቮ ቴስተር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ በእጅ ተዙሮ መንጋጋውን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ማልበስ

ስፖንጁን ከከሰል ምድጃ 15 ሳ.ሜ ያህል አርቃችሁ አሙቁና በቅል ላይ ጫን አድርጋችሁ ቅርጽ አስይዙት። ማብለጭለጭ ከጀመረ በቃው፤ ካለፈ ይኮማተራል። ይህ ሥራ ደጅ ይሁን፣ ጭሱ አይጠቅምም፤ የማስቲሹ ቆርቆሮም ከእሳቱ ይራቅ። ማስቲሽ በሁለቱም ገጽ ይቀባና ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆያል። በእንጅባራ ወይም በደብረ ማርቆስ ብርድ እጥፉን ጠብቁ። የዕቃ ማሸጊያ ነጩን ፎም አታስገቡ፣ ማስቲሽ ያቀልጠዋል።

ቃጫውን በሚዶ አበጥሩ፣ በአቡጀዲ ቅዳጅ ላይ ስፉ፣ ከማጅራት ጀምራችሁ ወደ ላይ በ3 ሳ.ሜ ልዩነት ደርድሩ። በሻይ ቅጠል ውሃ ቢቀቀል የደረቀ ሣር መልክ ያወጣል፤ ጠቆር ያለ ከተፈለገ የልብስ ቀለም ነው። ቃጫ እሳት ይወዳል፣ ደመራና ችቦ አጠገብ አይለበስ።

ለባሹ መጀመሪያ በሻሽ ይጠምጠም፤ ሻሹ ላብ ይመጥጣል፣ ቆቡም አይንሸራተትም። የአገጭ ማሰሪያው 2 ሳ.ሜ ስፋት ይኑረው። ሃያ ደቂቃ ለብሶ እየዘለለ ይጨፍር። ቆቡ ወደ ፊት ከወደቀ ከፊት ስፖንጅ ቀንሱ እንጂ ከኋላ ክብደት አትጨምሩ። መንጋጋው ሲንቀጠቀጥ ባትሪውን፣ አንድ ቦታ ላይ ሲይዝ ማጠፊያውን፣ አርዱዊኖው ራሱን እያጠፋ ሲያበራ ካፓሲተሩንና ሽቦውን ተመልከቱ። ከትርኢቱ በኋላ ባትሪውን አውጡ፣ ቆቡን ከጣሪያ አንጠልጥሉ፤ መሬት ላይ ያደረ ቃጫ ለአይጥ ጎጆ ነው።