ባንጋይ ካርዲናል ዓሳን እንዴት እናጣምር?
ባንጋይ ካርዲናል ስትገዙ አኳሪየም (የዓሳ ማርቢያ የመስታወት ታንክ) ውስጥ የተፈለፈለውን ፈልጉ። ከባህር የሚጠመደው በትውልድ ቦታው፣ በኢንዶኔዥያ ባንጋይ ደሴቶች፣ እያለቀ ነው፣ ከ2007 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግቧል፣ ደግሞ ታንክ ውስጥ ያደገው የፍሪዘር ምግብ ሳያስቸግር ይበላል። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨዋማነቱ (ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት ሲለካ) 1.025 ቢሆን በቂ ነው።

ዋናው ጣጣ ማጣመሩ ነው። ወንድና ሴቱን በዓይን መለየት ከባድ ስለሆነ አምስት ስድስት ትንንሽ አብራችሁ አሳድጉ፣ ራሳቸው ይመራረጣሉ። ሁለቱ አንድ ጥግ ይዘው ሌላውን ማባረር ከጀመሩ በቃ ተጣምረዋል፣ የቀሩትን ዛሬ ነገ ሳትሉ አውጡ፣ አለዚያ እየነከሱ ይጨርሷቸዋል (ፊታቸው የዋህ ይመስላል እንጂ ክፉዎች ናቸው)።

እንቁላሉን አፉ ውስጥ የሚይዘው ወንዱ ነው። አገጩ ወደ ታች አብጦ፣ ምግብ አፍንጫው ስር ሲያልፍ ዝም ካለ አትደንግጡ፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ምንም ላይበላ ይችላል። በዛ ሰዓት በመረብ አታሯሩጡት፣ ከደነገጠ እንቁላሉን ይተፋዋል ወይ ይውጠዋል። ልጆቹ ሲወጡ ቁርጥ ወላጆቻቸውን ነው የሚመስሉት፣ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ለዓሳ ምግብ የሚሆን ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ወዲያው ይበላሉ፣ ግን ትልልቆቹ ስለሚበሏቸው ለብቻቸው ታንክ ቀድማችሁ አዘጋጁ።