ስልካችንን በነዳጅ ማደያ፣ ጋዝ በሸተተበት ቤትና በልብ ሕመምተኛ አጠገብ እንዴት እንያዘው?

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን ውስጥ የነዳጅ ሒሳብ በዲጂታል መንገድ ነው የሚከፈለው። «ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ምልክት አጠገብ ቆመን ቴሌብር እንከፍታለን። ስልክ ማውጣቱ ግድ ከሆነ፣ መቼና የት እንደምናወጣው እንወቅ።

ማደያ ስትገቡ ሞተር አጥፉ። መቅጃው ታንከሩ ውስጥ ሳይገባ፣ መኪና ውስጥ እንደተቀመጣችሁ ክፍያውን ጨርሱ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡትና እስኪሞላ አትንኩት። ሞተር ሳይክል የምትነዱ ግን ወርዳችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ክፈሉ። ታንከሩ ከፊታችሁ ስለሆነ ትነቱ በቀጥታ ወደ እጃችሁ ይመጣል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ሊቀጣጠል ይችላል።

በስልክ ተነሡ የተባሉ የማደያ ቃጠሎዎች ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መንስኤ ከልብስና ከወንበር መፋተግ የሚመጣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ራሳችሁ የምትቀዱ ይህን ልብ በሉ። ስልክ ለማምጣት መኪና ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ፣ መቅጃውን ከመንካታችሁ በፊት ከታንከሩ ራቅ ያለ የመኪናውን ብረት ንኩ።

እኔን ከማደያው ይልቅ የሚያሳስበኝ የቤታችን ቡታጋዝ ነው። ማታ ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ማዕድ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። እጃችን ወዲያው የሚሄደው ወደ ስልኩ ባትሪ ነው። አታብሩት! እንዲህ አድርጉ፦

1. ምንም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። መብራት ካለም አታጥፉት። ቻርጀር አትሰኩ፣ የተሰካውንም አትንቀሉ። ከስልኩ ይልቅ የሶኬት ብልጭታ የበለጠ ያሰጋል።
2. ስልክ ቢጠራም አታንሱ።
3. የሲሊንደሩን ቫልቭ በቀላሉ ከደረሳችሁበት ዝጉት። በርና መስኮት ክፈቱ።
4. ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ውጡ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ፍራሽ መሬት አንጥፈው የተኙ ልጆች ካሉ እነሱን አስቀድሙ።
5. ከቤቱ ራቅ ካላችሁ በኋላ ደውሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው።

ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ) የተተከለለት ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ የማግኔቱ ነገር አለ። ስልክ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ከአይፎን 12 ወዲህ ብዙ ስልኮች ጀርባቸው ላይ ማግኔት አላቸው። ያለ ገመድ ቻርጅ ሲደረጉ ርቀቱን 30 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ማግኔት በጣም ከቀረበ ፔስሜከሩ የልቡን ምት መከታተል ትቶ በቋሚ ምት ሊሠራ ይችላል። ልብን በድንገት ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ለጊዜው ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

እናቶቻችን ስልክና ብር ደረታቸው ውስጥ ይወሽቃሉ። እማማ ፔስሜከር ካላቸው ይህን ልማድ ዛሬውኑ አስቁሙልኝ። ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ግዙላቸው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ስለሚተከል በቀኝ ጆሮ ያውሩ። ስልክ ደረት ላይ አስቀምጦ መተኛትም ይቅር። የጆሮ ማዳመጫም ማግኔት አለውና አንገት ላይ አይንጠልጠል። ካዞራቸው ስልኩን ወዲያው አርቁና ሐኪማቸውን አማክሩ።

ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ መሣሪያ) ያለበት ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይቻልም። ምርመራ ባይኖርም ማግኔቱ አይጠፋም።

ስትበሩ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። በረራው ላይ ስልካችሁ ወንበር መሃል ከገባ፣ ወንበሩን ወደፊትም ወደኋላም አታንቀሳቅሱ፤ የተጨፈለቀ ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል። አስተናጋጆቹን ጥሩና እነሱ ያውጡላችሁ።